«ለአንድ ሰው በቀን ስንት ሜትር ልስጥ?» ተፈናቃዮች የሚሠሩበትን የመንገድና የቦይ ሥራ መቆጣጠር

ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ በሰው ጉልበት የሚሠራ መንገድ በተጀመረ ቁጥር ስልኬ ይጠራል። ደዋዩ ብዙ ጊዜ ገና የተመረቀ ወይም ሳይት ላይ አዲስ የተመደበ ሱፐርቫይዘር ነው። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፤ «ለአንድ ሰው በቀን ስንት ሜትር ልስጥ?» መልሱ በአንድ ቁጥር ስለማያልቅ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላችሁ።

መመሪያው ተፈናቃዮችና የአካባቢው ነዋሪዎች አብረው ተቀጥረው ለሚሠሩት የጠጠር መንገድና የጎርፍ ቦይ ነው። ኮብልስቶንና ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሣጥን) የራሳቸው ሙያ ስላላቸው እዚህ አልነካኋቸውም። ለምሳሌ እንዲመቸን 600 ሜትር ርዝመትና 5 ሜትር ስፋት ያለው፣ ግራና ቀኙ ቦይ የሚቆፈርለት መንገድ እንውሰድ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች (ለ25 ሰው ቡድን)

- ዶማ 12፣ አካፋ 12፣ ዲጅኖ 4
- ካሪዮላ 4። ቁልቁለትና ድንጋይ በበዛበት ቦታ ባሬላ ይሻላል
- ትልቅ የድንጋይ መዶሻ 2፣ የእጅ መደልደያ 4
- ባለ 50 ሜትር የሚጠቀለል ሜትር 1፣ ባለ 5 ሜትር 2
- ሲባጎ፣ 60 ያህል ችካል፣ ሲባጎ ላይ የሚንጠለጠል ውሃ ልክ 2
- ከጣውላ የተሠራ የቦዩ ቅርጽ መለኪያ 2
- ልክ 1 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት 12
- ትርፍ እጀታ 8፣ ሞረድ 2
- ለሁሉም ጓንትና ቦቲ
- የመጠጥ ውሃ ሮቶ ወይም ጀሪካን፣ ለጥላ የሚሆን ሸራ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን
- የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ደብተር፣ የጣት አሻራ ቀለም

እጀታ ላይ አትቆጥቡ። እርጥብ ባሕር ዛፍ የገባበት ዶማ በሦስተኛው ቀን ይወልቃል። የወለቀ ዶማ የሰው እግር ላይ ነው የሚያርፈው። እጀታው የደረቀ ይሁን፣ በየጠዋቱም እየነቀነቃችሁ ፈትሹት።

ደረጃ 1፦ መንገዱን በእግር ሂዱ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከአንድ የአካባቢው ሽማግሌ ጋር ከዳር እስከ ዳር ተራመዱ። የክረምቱ ውሃ ከየት እንደሚመጣና የት እንደሚተኛ ጠይቁ። ካርታው የማያሳየውን እሳቸው ያውቁታል። ቦዩ ውሃውን የሚያወጣበትን ቦታ እዚያው ላይ ምልክት አድርጉ። መውጫው የሰው ማሳ ከሆነ ከባለማሳው ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩና በቀበሌው ፊት ተፈራረሙ። ገብሱ ላይ ጎርፍ የተለቀቀበት ገበሬ በነሐሴ ቦዩን ደፍኖ ይጠብቃችኋል። እውነቱም የእሱ ነው።

ደረጃ 2፦ የሥራ ቀኑንና ሰዓቱን ከሠራተኛው ጋር ቁረጡ

ሰሜን ሸዋ አንድ ዓይነት አየር የለውም። ደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ ይመታዋል። ከወለጋ ቆላ የመጣ ሰው ደግሞ ይህን ብርድ አልለመደውም። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ጀምሩ። ሸዋ ሮቢት ከሆነ ግን 12 ሰዓት ላይ ጀምራችሁ ፀሐዩ ሳይከር ጨርሱ። በአዋጅ 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ አትለፉ።

በዓላትን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ መሬት የማይቆፍር ብዙ ሰው አለ። ሙስሊሞቹ ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ አላቸው። ይህን ሳታውቁ ፕሮግራም ካወጣችሁ ግማሹ ሰው ይቀርና «ሰነፎች ናቸው» የሚል ሪፖርት ትጽፋላችሁ። ሁዳዴና ረመዳን ላይ ደግሞ ባዶ ሆድ እንደሚሠሩ አስቡና የቀን ልኩን፣ ማለትም ለአንድ ሰው በቀን የሚሰጠውን ሥራ፣ ቀንሱ።

በልግንም አትርሱ። ደጋው ላይ ከየካቲት ጀምሮ ሊዘንብ ይችላል። አፈር ሥራውን ከጥር በፊት ብትጨርሱ ይመረጣል።

ደረጃ 3፦ ሠራተኛውን በአደባባይ ምረጡ

ሥራው አሥር ሰው ሲፈልግ ሃምሳ ሰው ይመጣል። የተፈናቃዩንና የነዋሪውን ድርሻ ከሁለቱም ወገን በተመረጠ ኮሚቴ አስወስኑ። ከዚያ ዕጣ አውጡ፤ ሁሉም እያየ፣ በጠራራ ፀሐይ። በቢሮ የተመረጠ ስም ዝርዝር ትክክል ቢሆን እንኳ አይታመንም። ነዋሪው ከተገለለ «መንገዱ የእነሱ ነው» ይላል፤ ሲበላሽም አይጠግነውም።

ቁፋሮ ላይ ከ18 ዓመት በታች አታሠማሩ። ነፍሰ ጡር ሴት ቁፋሮና ሸክም አትስጡ፤ ውሃ ማደል፣ ዕቃ መቁጠር፣ ልጆች መጠበቅ አለ። የሚያጠቡ እናቶች ካሉ ሳይቱ አጠገብ ዳስ ጣሉና አንድ ሰው በክፍያ ልጆቹን ይጠብቅ። ልጇ በጀርባዋ ያለ ሴት ዶማ ስታነሳ አይቻለሁ። ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።

ደረጃ 4፦ ስም ስትመዘግቡ ፊደል በፊደል

ተራ ነገር ይመስላል፤ ክፍያ የሚቆመው ግን እዚህ ላይ ነው። ደብተሩ ላይ «ኃይሌ»፣ ባንኩ ዘንድ «ሀይሌ» ከሆነ ወይም «ተስፋዬ» «ተስፋየ» ተብሎ ከተጻፈ ብሩ ሊመለስ ይችላል። አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት የአርባ ሰው ክፍያ ሦስት ሳምንት ዘገየ። እናቶቹ ከሱቅ በዱቤ ዘይት እየወሰዱ ከረሙ። ስለዚህ ስሙን ከነአያት ከባንክ ደብተሩ ወይም ከፋይዳው ላይ ቅዱ፤ በጆሮ ሰምታችሁ አትጻፉ። ሰነዱ በመፈናቀል የጠፋበት ሰው ካለ ከሥራው አትሰርዙት። መታወቂያና አካውንት እስኪያወጣ ጊዜ እንዲያገኝ ምዝገባውን ሥራው ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ።

ደረጃ 5፦ ቡድን ሥሩ

ከ20 እስከ 25 ሰው አንድ ቡድን ይሁን፣ አንድ ካቦ ይኑረው። ከዚያ ከበለጠ ካቦው ሁሉንም ማየት አይችልም። ተፈናቃይና ነዋሪ በአንድ ቡድን ይቀላቀሉ። ሁለት ሁለት ሰው ደግሞ አጣምሩ፤ አንዱ ዶማ፣ አንዱ አካፋ ይይዛል፣ ይቀያየራሉ። ጥንዱን ራሳቸው ይምረጡ። ካቦው የግድ ጉልበተኛው መሆን የለበትም። የሚጽፍ፣ የሚለካና የማይሳደብ ሰው ፈልጉ። ሴት ካቦ ብትሾሙ ደግሞ ሴቶቹ ችግራቸውን ሳይደብቁ ይነግሯታል።

ደረጃ 6፦ የቀን ልክ ማውጣት

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ መጣን። ልክ የሚሰጠው በሜትር ይሁን እንጂ የሚሰላው በሜትር ኩብ ነው። የቦያችን ታች 40 ሳንቲ፣ አፉ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ይሁን። የቦዩ አፍና ታች አማካይ 0.7 ሜትር ነው፤ በ0.4 ሲባዛ 0.28 ይመጣል። አንድ ሜትር ቦይ ማለት 0.28 ሜትር ኩብ አፈር ማለት ነው።

እኔ የምነሳባቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፤ ለአንድ ሰው በቀን፦

- አካፋ ብቻውን የሚገባለት ለስላሳ አፈር፦ 5 ሜትር ኩብ፣ ወደ 18 ሜትር ቦይ
- በዶማ በቀላሉ የሚፈርስ መካከለኛ አፈር፦ 3.5 ሜትር ኩብ፣ 12.5 ሜትር
- ዶማ ደጋግሞ የሚመታው ጠንካራ አፈር፦ 3 ሜትር ኩብ፣ 10.5 ሜትር
- ዲጅኖ የሚፈልግ በጣም ጠንካራ፦ 2 ሜትር ኩብ፣ 7 ሜትር
- መዶሻ የሚፈልግ ዓለት፦ 0.8 ሜትር ኩብ፣ ከ3 ሜትር በታች

የደብረ ብርሃን ዋልካ (ጥቁሩ የሚያጣብቅ አፈር) ተለዋዋጭ ነው። በታኅሣሥ ደርቆ ሲሰነጠቅ «በጣም ጠንካራ» ውስጥ ይገባል። ትንሽ ዝናብ ከነካው በኋላ መካከለኛ ይሆናል። በደንብ ከራሰ ደግሞ አካፋ ላይ ተጣብቆ አልወርድ ይላል፤ ያኔ ሥራ አቁሙ።

ቁጥሮቹን እንዳሉ አትስጡ። መጀመሪያ ሞክሩ። ጉልበተኛም ደካማም ያልሆኑ አምስት ሰዎች ምረጡ፣ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። ለእያንዳንዳቸው 5 ሜትር ምልክት አድርጉና ሰዓት ያዙ። ውድድር እንዳልሆነ ንገሯቸው፤ አለዚያ ይሮጡና የሁሉንም ልክ ያበላሹታል። 5 ሜትሩ በአማካይ 3 ሰዓት ከፈጀ፣ በ6 ሰዓት 10 ሜትር ነው። ለምን 6 ሰዓት? መካከለኛ ሰው ልኩን ከሥራ ቀኑ ሦስት አራተኛ ባልበለጠ ጊዜ እንዲጨርስ ነው። ደከም ያለውም በ8 ሰዓት ውስጥ ይደርስበታል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ደግሞ ከዚያም ቀንሱ። መጠለያ ውስጥ ወራት የከረመ ሰው በቂ ምግብ አላገኘም፤ እጁም ለስልሷል። 12.5 ሜትር የሚወጣበትን መሬት በ9 ጀምሩት። ለጥንድ 18 ሜትር ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሙሉው ትወጣላችሁ።

ልክ ሰጥታችሁ ሲያበቃ ቃላችሁን ጠብቁ። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የጨረሰ ሰው የሙሉ ቀን ክፍያውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ። «ገና ጊዜ አለ» ብላችሁ 2 ሜትር ብትጨምሩበት በነጋታው ማንም በ7 ሰዓት አይጨርስም።

ሜትሩን እነሱ እያዩ ለኩ። ጀማሪ ሳለሁ በእርምጃ እለካ ነበር። አንድ ጠዋት አንዲት እናት የ1 ሜትር እንጨት ይዘው መጡ። የተመደበላቸው 9 ሜትር ነበር።

«ልጄ፣ ይችን እንጨት ዘጠኝ ጊዜ አጋደምኳት። መሬቱ ግን አላለቀም» አሉኝ።

አብረን ሄደን በሜትር ለካነው። 10 ሜትር ከ20 ሆኖ ተገኘ። ይቅርታ ጠይቄያቸው የሁሉንም ልክ እንደገና አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ጥንድ ልክ 1 ሜትር የሆነ እንጨት አድላለሁ። ዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ለዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያ

- በ2014 ጦርነት በደረሰባቸው ቦታዎች፣ በተለይ ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢትና ከዚያ ወዲያ፣ ስትቆፍሩ እንግዳ ብረት ካገኛችሁ አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት። ሰውን ሁሉ አርቁ፣ ቦታውን ከሩቅ ምልክት አድርጉ፣ ለፖሊስ አሳውቁ። ሥራው የሚቀጥለው እነሱ ሲፈቅዱ ብቻ ነው።
- ጥንዶችን ቢያንስ በ3 ሜትር አራርቁ። ዶማ ወደኋላም ይወነጨፋል።
- ከደረት በላይ ጥልቀት ያለው ቁፋሮ በዚህ ዓይነት ሥራ አታስገቡ። ግድግዳው ይናዳል።
- ካቦም ሆነ ማንም ከሠራተኛ ክፍያ ላይ «ድርሻዬ» ብሎ ሳንቲም ከወሰደ፣ ወይም ሴትን «ስምሽ እንዲገባ» ብሎ ካስቸገረ፣ ያን ቀን ከሥራ ይነሣ። የማን ስልክ ላይ አቤት እንደሚባል ዳሱ ላይ በትልቁ ጻፉ። የእናንተን ስልክ ብቻ አትጻፉ፤ በእናንተም ላይ አቤቱታ ሊኖር ይችላል።

ደረጃ 7፦ ችካል፣ ሲባጎ፣ ቦይ

በየ10 ሜትሩ ችካል ምቱ። ሲባጎውን በደንብ ወጥራችሁ ውሃ ልኩን መሐል ላይ ስቀሉ። ሲባጎው ልክ ሲሆን ከሲባጎው እስከ መሬቱ ያለው ቁመት በታችኛው ችካል በኩል ከላይኛው በ30 ሳንቲ ከበለጠ፣ ቁልቁለቱ 3 በመቶ ነው። ከ2 በመቶ በታች ከሆነ ቦዩ ደለል ይይዛል። ከ4 ካለፈ ውሃው ቦዩን መብላት ይጀምራል።

መጀመሪያ መሐሉን ቀጥ አድርጋችሁ ቆፍሩ፣ ከዚያ ዳሩን አጋድሙ። ሁለቱን በአንዴ ከጀመራችሁ ቦዩ እባብ ይመስላል። በየ10 ሜትሩ የጣውላውን መለኪያ አስገብታችሁ ፈትሹ።

የወጣው አፈር ቀይ ወይም ጠጠር ያለው ከሆነ ወደ መንገዱ ይጣል፣ ለማጉበጥ ይረዳል። ዋልካ ከሆነ ግን ወደ ውጭ፣ ከቦዩ አፍ ቢያንስ 1 ሜትር አርቃችሁ ጣሉት። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መንገድ ላይ ከገባ ያለበሳችሁትን ጠጠር ሁሉ ይውጠዋል።

ደረጃ 8፦ መንገዱን ማጉበጥና ጠጠር ማልበስ

መንገዱ መሐሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ይበል። ግማሽ ስፋቱ 2.5 ሜትር ነው፤ በ8 በመቶ ሲሰላ መሐሉ ከዳሩ 20 ሳንቲ ይበልጣል። ሲደለደልና መኪና ሲሄድበት ወደ 5 ወይም 6 በመቶ ይወርዳል፤ ለዚህ ነው ከፍ አድርገን የምንጀምረው። ጠፍጣፋ መንገድ ውሃ ያቁራል። የቆረ ውሃ ደግሞ ጉድጓድ ነው።

ጠጠሩ ሳይደለደል 20 ሳንቲ ውፍረት ይኑረው። ለአንድ ሜትር መንገድ ልክ 1 ሜትር ኩብ ይመጣል። አንድ ሲኖ 16 ሜትር ኩብ ከጫነ ክምሮቹን በ16 ሜትር አራርቃችሁ አስገልብጡ። ሾፌሩ ወደፈለገበት ከገለበጠ ሠራተኛው ጠጠር በካሪዮላ ሲያመላልስ ይውላል። ለ600 ሜትሩ 38 ምልልስ ያህል ነው፤ እያንዳንዱን መኪና ሲገባ ቁጠሩ፣ ሙሉ መሆኑንም ተሳፍራችሁ እዩ።

ከመደልደላችሁ በፊት ከተሰራጨው አንድ እፍኝ አንሡና ጨብጡ። ስትከፍቱት ቅርጹን ይዞ ከቆየና እጃችሁ ላይ ውሃ ካልወጣ እርጥበቱ ልክ ነው። ከተበተነ ውሃ አርከፍክፉ። ጭቃ ከወጣ አንድ ቀን ይጠብቅ። በእጅ የሚገፋ ሮለር መከራየት ከቻላችሁ ተከራዩ። ከዳር ጀምራችሁ ወደ መሐል ሂዱ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ።

ደረጃ 9፦ ውሃ ማስወጣትና ማብረድ

ቢበዛ በየ100 ሜትሩ ከቦዩ ውሃ የሚያወጣ መቀልበሻ ይኑር፤ በደረጃ 1 የተስማማችሁባቸው ቦታዎች ላይ። ቁልቁለቱ 5 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነበት ቦይ ውስጥ የድንጋይ እርከን ደርድሩ፤ 5 በመቶ ላይ በየ20 ሜትሩ፣ 6 ላይ በየ15፣ 8 ላይ በየ8፣ 10 ላይ በየ6 ሜትሩ። የእርከኑ መሐል ከዳሩ ዝቅ ይበል። መሐሉ ከፍ ካለ ውሃው በጎን ዞሮ ቦዩን ይንዳል። ከእርከኑ በታች ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ላይም ድንጋይ አንጥፉ።

ደረጃ 10፦ መረከብና መክፈል

በየቀኑ ማታ ካቦውና ጥንዱ ባሉበት ለኩ፣ ጻፉ፣ አስፈርሙ። መፈረም የማይችል አሻራ ያድርግ። ያልተሠራ ካለ ምክንያቱን ጻፉ፤ ዓለት ወጥቶ ከሆነ ሙሉ ቀን ይታሰብለት። ፔይሮሉን (የክፍያ ዝርዝሩን) በየ15 ቀኑ ዝጉና በማግስቱ አስገቡ። ከመላካችሁ በፊት ዳሱ ሥር ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ስም የተዘለለ ካለ ባለቤቱ እዚያው ይነግራችኋል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- መንገዱን አሳምሮ ቦዩን ለመጨረሻ መተው። መጀመሪያ ውሃውን አውጡ።
- ለሁሉም ቦታ አንድ ልክ መስጠት። አፈሩ በተቀየረ ቁጥር ልኩ ይቀየራል፤ 50 ሜትር ላይ ሁለት ጊዜ ሊቀየር ይችላል።
- ዕቃ ሳይቆጥሩ ማደር። ጠዋት ሲወጣ፣ ማታ ሲገባ ቁጠሩ፤ የጎደለውን ከሠራተኛ ደመወዝ ለመቁረጥ ሳይሆን ነገ ሰው ያለ ዶማ እንዳይቆም።
- ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ አለማዘጋጀት። ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚያ ይወድቃሉ።
- «ተፈናቃዮቹ» እያሉ መጣራት። ሰው በስሙ ይጠራ። ብዙዎቹ ገበሬ ናቸው፣ አፈር ከእኛ በላይ ያውቃሉ።

ካስረከባችሁ በኋላ

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጀምር ቤት አትቀመጡ። ችካል ይዛችሁ መንገዱ ላይ ሂዱ። ውሃ የቆመበት ቦታ ሁሉ አንድ ችካል፣ ቦዩ የተበላበት ሁለት ችካል ትከሉ። በማግስቱ ከካቦዎቹ አንዱን ከአራት ሰው ጋር ጥሩና ችካሉን እየተከተላችሁ ጠግኑ። ለዚህ የሚሆን የአምስት ሰው የሦስት ቀን ክፍያ በጀቱ ውስጥ ከመጀመሪያው አስገቡ፤ በኋላ ስትጠይቁ አይገኝም።